ሻይ የጠጣው ቁርጭምጭሚት

ውድ ዛውሬ፣

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። ካላመንሽ አፓይ ቃምሻትን ጠይቂያቸው፤ ማታ ማታ በመንደሩ ቤተ መጻሕፍት ፊደል የሚያስቆጥሩን እሳቸው ናቸው። «ሳይላው፣ ከክፍሉ አንደኛ ነህ» ብለውኛል። በክፍሉ ያለነው አራት ብቻ መሆናችንን፣ ከአራቱ ሁለቱ መነጽራቸውን ረስተው የሚመጡ አሮጊቶች፣ ሦስተኛው ደግሞ ወንበር ገና ሲነካው እንቅልፍ የሚወስደው የትራክተር ሹፌር መሆኑን እዚህ መጻፍ አያስፈልግም። አንደኛ አንደኛ ነው። በግልቢያም ቢሆን ማን ቀደመ ይባላል እንጂ ስንት ፈረስ ተወዳደረ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፈው ትዪ ይሆናል። ስልክ ላይ ቀልዴ ይቀድመኛል። ሰኞ ስትደውዪ ሰምተሽዋል፤ አንቺ እያለቀስሽ እኔ ስለ ላሟ ቀለድኩ። ወረቀት ላይ ግን እጄ ቀርፋፋ ናት። አንዱን ቃል ጽፌ እስክጨርስ ውሸቱ ጥበቃ ይሰለቸውና ጥሎኝ ይሄዳል። ስለዚህ እዚህ የምታነቢው ሁሉ እውነት ነው፤ ቀልዱም ጭምር።

ነገ ጠዋት ለአስታናው አውቶቡስ ሹፌር እሰጠዋለሁ። ከአርቡ ስብሰባ በፊት እጅሽ ይገባል።

አሁን ዋናውን ልናገር። ቀናሁ።

ይኸው፣ ጻፍኩት። አፓይ ቃምሻት ይህን ቃል ሰሌዳ ላይ ጽፈውልን አያውቁም፤ ፊደል በፊደል ራሴ ነኝ ፈልጌ ያገኘሁት። ቀናሁ፤ ግን አልቀናኝም።

የዛሬ ሁለት ዓመት የጥንት አጥንት ቆፋሪዎቹ ከወንዙ መታጠፊያ ድንኳናቸውን ሲተክሉ ሰንጃር ከሁሉም ቀጭኑ ነበር። እግሩ ሽመል፣ መነጽሩ የጠርሙስ ቂጥ። ሥራው ምን እንደሆነ ሲነግረን ግን መንደሩ ሁሉ አፉን ከፍቶ ቀረ። ከአምስት ሺህ ዓመት በፊት የሞተ ፈረስ ጥርስ ይሰረስራል፤ ከዱቄቱ ዘረመል ያወጣል፤ ከዘረመሉ ደግሞ ያ ፈረስ የማን ዘር እንደነበረ፣ ዛሬ በየበረቱ ያለው ፈረስ ከእሱ ይወለድ አይወለድ ያነባል። ፈረስን መጀመሪያ ያላመደው ማን እንደሆነ ለማወቅ ነው አለ። ለዚህ ብሎ ያን ሁሉ አፈር መገልበጥ! እኔን ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር። እኛ ነን።

የመጣ ሰሞን እቤታችን ጠራነው። አንቺ ከፈረስ ሥጋ የሠራሽውን ቋሊማ፣ ቃዚውን ቆርጠሽ፣ የባዝራዋን እርጎ እስከ አፉ ቀድተሽ ሰጠሽው። እኔም እንግዳው ከማን ቤት እንደተቀመጠ እንዲያውቅ ብዬ የዳማውን ሰባት አባት ቆጠርኩለት። ሰባት አባቱን የማይቆጥር ሰው እኛ ዘንድ ከሰው እንደማይቆጠር ታውቂያለሽ። እኔ ደግሞ የራሴን አልፌ የፈረሴንም አውቃለሁ።

«ዳማው የጉራቻው ልጅ ነው፤ ጉራቻው የቦራው፣ ቦራው የሐመሩ…» እያልኩ ስድስት ላይ ደረስኩ። «ሰባተኛው ደግሞ እናንተ ከምትቆፍሩት ጉድጓድ ነው የወጣው።»

«ሳይላው አጋ፣» አለ ሰንጃር እየሳቀ፣ «በስድስተኛውና በጉድጓዱ መሃል እኮ አምስት ሺህ ዓመት አለ።»

«ታዲያስ! ፈረስ አይደለም እንዴ? ይዘለዋል።»

አንቺ ሳቅሽ። በእኔ ቀልድ የሳቅሽ መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ። ቀና ስል ግን የምታዪው እሱን ነበር።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ዘርን አፍ አይቆጥረውም፣» አለ። «አጥንቱ ራሱ ይናገራል።»

«የሞተ አጥንት ድምፅ የሚያወጣው ውሻ ሲቆረጥመው ብቻ ነው» አልኩት።

«አንተ ሰውዬ! እንግዳ እኮ ነው» ብለሽ በክርንሽ ጎሸም አደረግሽኝ።

ዛውሬ፣ ሃያ ሁለት ዓመት በትዳር ስንኖር ስሜን ጠርተሽ አታውቂም፤ ወጉ አይፈቅድም። «ጌታው» ነው የምትዪኝ። ስትቆጪም «ጌታው»፣ ስታሾፊም «ጌታው»፣ አንዴ ሰክሬ ከፈረስ በረት ውስጥ ያደርኩ ጊዜ እንኳ «ጌታው፣ ጭዱ ይመቻል?» ነበር ያልሽኝ። ያን ቀን ግን «ሰውዬ» ሆንኩ። እራቱን አልጨረስኩም። ሆዴን አሞኛል ያልኩት ውሸቴን ነው።

ከዚያ አጥንት አጣቢ ሆነሽ ተቀጠርሽ። ጠዋት ወጥተሽ ስትመለሺ አፈር አፈር ትሸቻለሽ፤ ፊትሽ ግን ያበራል። አንድ ቀን ምሳሽን ይዤልሽ ብመጣ፣ ተቀምጠሽ የአንድ የሞተ ፈረስ መንጋጋ በጥርስ ብሩሽ ታጥቢያለሽ። ቀስ ብለሽ፣ ከንፈርሽን ነክሰሽ። የእኔን ጀርባ እንኳ እንደዚያ አሽተሽው አታውቂም። በሞተ ፈረስ የሚቀና ወንድ አይተሽ ታውቂያለሽ? ይኸው ባልሽ ነው። በዚህም አንደኛ ነኝ።

ሰንጃር ደግሞ ባገኘው ሰው ፊት ሁሉ «ዛውሬ እጅ አላት፤ አጥንት በመዳበስ ብቻ እንደ እሷ የሚለይ አላየሁም» ይላል። አንድ ሌላ ወንድ የሚስቴን እጅ ሲያሞግስ ደሜ ፈላ። እውነቱን ልንገርሽ? የፈላው አንቺን ስላመሰገነ አይደለም። ሃያ ሁለት ዓመት ያ እጅ ሲያልብ፣ ሲሰፋ፣ ውርንጭላ ከእናቱ ሆድ ስቦ ሲያወጣ አጠገቡ ቆሜ፣ አንድም ቀን እጅ አለሽ ብዬሽ አላውቅም። እሱ በአንድ ሳምንት አየው። ቀደመኝ። እኔ መቀደም አልችልም።

ለዚህ ነው ያቺን አሮጊት ባዝራ ኮርቼ «ና እስቲ ውጣ፣ ገራም ናት» ያልኩት። ገራም አይደለችም፤ አውቃለሁ። አሥር እርምጃ ሳትሄድ አፈር ላይ ዘረገፈችው።

«አንተ ፈረስ የምታውቀው ከሞተ በኋላ ብቻ ነው እንዴ?» ብዬ ብጮህ መንደሩ በሳቅ ሞተ። አንቺ ግን አልሳቅሽም። ሮጠሽ ሄደሽ ሱሪውን አራገፍሽለት፤ መነጽሩን በቀሚስሽ ጠረግሽለት። ቀኑን ያሸነፍኩት እኔ፣ ሽልማቱን የወሰደው እሱ።

በሁለተኛው በጋ ፊደል የጀመርኩት በዚህ እልህ ነው። ለሰዉ ሁሉ «አፓይ ቃምሻት ስለ ፈረስ አስተምረን ብለው ለምነውኝ ነው» እል ነበር። እሱ አምስት ሺህ ዓመት ያነባል፤ አንቺ ከረጢቶቹ ላይ ቁጥርና ስም ትጽፊያለሽ፤ እኔ የአውቶቡስ ፌርማታውን ስም ማንበብ አላውቅም። ከአልታይ ተራራ ማዶ ወደዚህ አገር ስመጣ ይዤ የመጣሁት ኮርቻና ጉራ ብቻ ነበር። ለፈረስ ጠባቂ ይህ ይበቃው ነበር፤ ሚስቱ አጥንት ማንበብ እስክትጀምር።

አሁን ወደ ጥፋቴ ደረስኩ። እርሳሴንም ቀረጽኩ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ በር ኋላ የተሰቀለው ሽርጥሽ ኪስ ውስጥ ወረቀት አገኘሁ። ጽሑፉ የሰንጃር፤ ዶሮ ጭራ እንዳለፈችበት ያለ። ያን ሳምንት አፓይ ቃምሻት የ«ጋ»ን ፊደል አስተምረውን ነበርና አዲስ ፊደል የተማረ ሰው እንዴት እንደሚሆን ታውቂያለሽ፤ ላሟ ጀርባ ላይ ሳይቀር «ጋ» ይታየኝ ነበር። ግድግዳውን ተደግፌ፣ ጣቴን ከፊደል ፊደል እያዘለልኩ አነበብኩ።

«ጋሺቅሽ እኔ ነኝ። ለባልሽ እንዳትነግሪው። አስታና ስትመጪ አብረን እናያለን።»

ጋሺቅ! ፍቅር የያዘው፣ ወዳጅ፣ እንቅልፍ ያጣ! በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለብቻዬ ያነበብኩት ጽሑፍ ይህ ሆነ። ማንበብ እንዲህ ከሆነ ምነው ደንቁሬ በቀረሁ አልኩ። ወረቀቱን ከቆቤ ገበር ውስጥ ወሸቅኩትና ዳግመኛ ላላየው ማልኩ።

ልጠይቅሽ ይገባኝ ነበር። ብጠይቅሽና «አዎ» ብትዪኝስ? ጉረኛ ሰው ምን እንደሚፈራ ማንም አያውቅም ዛውሬ።

በማግሥቱ አንቺ ጉድጓድ ሳለሽ ሳጥኑን ከፈትኩ። ዳማው በበረዶው ወራት እግሩ ተሰብሮ የሞተብኝ ጊዜ ጭንቅላቱን ከጉብታው ላይ እንዳስቀመጥኩት፣ ሁለቱን ቁርጭምጭሚቶቹን ደግሞ በስጋጃ ጠቅልዬ እንዳኖርኳቸው ታውቂያለሽ። ጥቅልሉን ብፈታው አንድ ብቻ አገኘሁ። ሌላው የት ሄደ ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም። ቅናት ሁለት ድረስ መቁጠር አይችልም።

እንዲህ ነበር ያሰብኩት። ይህን አጥንት ከጥንቶቹ ጋር ብቀላቅለው፣ ወይ የሰንጃር መሣሪያ «ይህ የዛሬ ፈረስ ነው» ብሎ በአለቆቹ ፊት ያዋርደዋል፤ ወይ ደግሞ «ይህ የአምስት ሺህ ዓመት ፈረስ ነው» ይልና ዳማው የፈረስ ሁሉ አባት መሆኑ በወረቀት ይጸድቅልኛል። በሁለቱም በኩል እኔ አንደኛ። በማንቆርቆሪያው ወፍራም ጥቁር ሻይ አፍልቼ ዘፈዘፍኩት፤ አመድ ቀባሁት፤ ከጉድጓዱ ጭቃ አምጥቼ ለቀለቅኩት። አምስት ሺህ ዓመት በአንድ ማንቆርቆሪያ ሻይ አስረጀሁት! ምሳ ላይ ሁላችሁ ድንኳን ስትገቡ ከዳር ያገኘሁትን ከረጢት ፈትቼ ጨመርኩበትና መልሼ አሰርኩት። ላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር አሥራ አራት መሆኑን አነበብኩ፤ በማንበቤም ኮራሁ። ጽሑፉ ያንቺ መሆኑን ግን ልብ አላልኩም።

ከዚያ መስከረም ላይ ለሦስት ወር ሥልጠና ወደ አስታናው ቤተ ሙከራ ሄድሽ። አውቶቡሱ ጋ ቆሜ «እዚያ ያሉትን የሞቱ ፈረሶች ሁሉ ሰላም በይልኝ» አልኩሽ። አንቺ ሳቅሽ። እኔ ወረቀቱ ያለበትን ቆቤን በእጄ ይዤ ቀረሁ።

ሰኞ ደወልሽ።

«ጌታው፣ ጥፋት አጠፋሁ፣» አልሽ። ድምፅሽ ተቆራረጠ። «ከረጢት አሥራ አራት ውስጥ የዚህ ዘመን አጥንት ተገኘ። የበጋው ልፋት በሙሉ ሊጣል ነው። አርብ ስብሰባ አለ፤ ወደ ቤትሽ ሂጂ ሊሉኝ ነው።»

«የዚህ ዘመን መሆኑን በምን አወቁ?» አልኩ።

«እኔ ለሰንጃር ከሰጠሁት አጥንት ጋር ዘረመሉ አንድ ሆኖ ነዋ። ግራና ቀኝ፣ የአንድ ፈረስ።»

«የቱን ፈረስ ነው የሰጠሽው?»

«የዳማውን። አሲቁን ከሳጥንህ ሰርቄ። ሁልጊዜ የምትፎክረውን በወረቀት አስመጥቼ በናውሪዝ በዓል ልሰጥህ ነበር። ውጤቱ ሲመጣ ግን… አያስደስትህም ብዬ ዝም አልኩ። ሁለተኛውን መቼ እንዳመጣሁት ግን አላስታውስም። ሁለቱንም አንድ ላይ ጠቅልዬ ወስጄ ይሆናል። ከእኔ እጅ ሌላ የማን ሊሆን ይችላል? ሰንጃርማ ‹ጥፋቱን በእኔ አድርጉት› ብሏቸዋል፤ እኔ ነኝ እንጂ እሱ ምን አደረገ?»

እኔ ምን መለስኩ? «ላሟ ደህና ናት፤ እኔን ስታይ ወተቷን ትደብቃለች» አልኩሽ። ዘጋሽው። ባትዘጊው ይገርመኝ ነበር።

ስልኩን እንዳስቀመጥኩ ከቆቤ ገበር ወረቀቱን አወጣሁ። በሁለት ወር ተኩል ውስጥ ማንበቤ ጎልብቷል፤ ይህን ጉራ አትበይው። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ለቀምኳቸው። የመጀመሪያው ፊደል «አ» ነው፤ «ጋ»ው ያለው ወዲያ «እኔ» አጠገብ ነው፤ «ውጤቱን» የሚለውንም ጣቴ ዘልሎት ነበር። «ሺ» ያልኩትም «ሲ» ነው።

«አሲቅሽ እኔ ጋ ነው። ለባልሽ እንዳትነግሪው። አስታና ስትመጪ ውጤቱን አብረን እናያለን።»

አሲቅ። ቁርጭምጭሚት። ከልጅነቴ ጀምሮ በሜዳው ሁሉ በጨዋታ ስወረውረው የኖርኩት፣ ማንም ያላሸነፈኝ፣ በዚህ ዓለም ከሁሉ በላይ የማውቀው አጥንት። ስሙን ማንበብ አቃተኝ። ቁርጭምጭሚትን ፍቅረኛ ብዬ አንብቤ ሚስቴን ልቀብር ነው። አለቀስኩ። ላሟ አይታኛለች፤ ለማንም አትናገርም።

ግን የከፋውን ገና አልጻፍኩም። ማግሰኞ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። አዎ፣ ደስ ብሎኝ። ዝም ብል አርብ ትባረሪያለሽ፤ ቅዳሜ እቤትሽ ነሽ። ምድጃው ጋ ትቀመጫለሽ፤ «ጌታው» ትዪኛለሽ፤ የሞተ ፈረስ አይኖርም፣ ሰንጃር አይኖርም። ብናገር ደግሞ ስምሽ ይጸዳል፤ ሥራውን ይሰጡሻል፤ አስታና ትቀሪያለሽ፤ ከእሱ ጋር አንድ ጠረጴዛ። አልጋሽን አነጠፍኩ። የምትወጂውን ሥጋ ከቆጡ አወረድኩ። ሥጋውን እየከተፍኩ ሳለ ነው የሰንጃር ነገር ትዝ ያለኝ። «ጥፋቱን በእኔ አድርጉት» ማለቱ።

እሱ ያላጠፋውን ላንቺ ሲል ይሸከማል፤ እኔ ያጠፋሁትን ደብቄ ሥጋ እከትፋለሁ። ቢላዋውን ጣልኩት። እጅሽን ቀድሞኝ አየው፣ እሺ። መነጽሩን ጠረግሽለት፣ እሺ። ይህን ግን አልሰጠውም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ለማንም አላካፍልም።

ስለዚህ አርብ ይህን ደብዳቤ ለአለቃሽ ስጪያት፤ ጮክ ብላ ታንብበው። ማስረጃ ካስፈለገም ሰንጃር የከረጢት አሥራ አራቱን አሲቅ ከጎኑ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ በመርፌ ይፈልግበት። የእኛ ቤት ሻይ ቅጠል ስብርባሪ ያገኛል። ከአምስት ሺህ ዓመት በፊት እዚህ ሻይ የሚጠጣ ፈረስ አልነበረም። ዛውሬ አልቀላቀለችም። ባሏ ሳይላው ነው፤ በቅናት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በምሳ ሰዓት።

የዳማውንም ውጤት ከሰንጃር ሰማሁ። ዛሬ ጠዋት ስልክ ቁጥሩን ከሰው ለምኜ ደወልኩለት፤ ይህንንም አንደኛ ሆኜ ነው የምነግርሽ። ጥፋቴን ግን አልነገርኩትም፤ መጀመሪያ አንቺ እንድታነቢው ፈልጌ ነው። «ሳይላው አጋ፣» አለኝ ቀስ ብሎ፣ ሕመምተኛ የሚያናግር ይመስል፣ «ዳማው ከጉድጓዱ ፈረሶች አይወለድም። የእነዚያ ዘመድ ዛሬ የቀረው የዱር ፈረስ ነው። የዳማው አያቶች ከምዕራብ ናቸው፣ ከቮልጋ ወንዝ በኩል ካለው ሜዳ የመጡ።»

«ስለዚህ መጤ ነው?» አልኩት።

«መጤ ነው።»

ጉብታው ላይ ወጣሁና ከጭንቅላቱ አጠገብ ተቀመጥኩ። እሱም እንደ እኔ ከሌላ አገር መጥቶ፣ የሰው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ የእኔ ነው እያለ ሲያናፋ የኖረ። የሰባት አባት ቆጠራዬን ብታፈርሺብኝም በፈረሴና በእኔ መካከል ያለውን ዝምድና አጠበቅሽልኝ። ለበዓል ልትሰጪኝ የነበረውን ተቀብያለሁ። አስደስቶኛል።

አሁንም እቀናለሁ፤ ወረቀት ላይ መዋሸት አልችልም አላልኩሽም? አስታና ከቀረሽ በየሳምንቱ እጽፋለሁ፤ ቅናቴን በትክክለኛ ፊደል ታነቢዋለሽ። ልትመለሺ ከፈለግሽም አልጋሽ ተነጥፏል። የምትመርጪው አንቺ ነሽ፤ እጅሽም እንዳንቺው ነው፤ አጥንት በመዳበስ ይለያል፤ እኔንም ዳብሶ ይፍረድ።

አሲቅሽ በመልካም ጎኑ ይውደቅልሽ። የሽማግሌዎቹ ምርቃት ነው፤ ዛሬ ግን ከልቤ ነው የመረቅኩሽ።

እስከዚህ ድረስ ለስብሰባው ይነበብ። ከዚህ በታች ያለችውን መስመር ግን ለብቻሽ አንብቢያት፤ ጣትሽን ከፊደል ፊደል እያዘለልሽ።

ጋሺቅሽ እኔ ነኝ። ደግመሽ እዪው፤ ይህኛው አሲቅ አይደለም።

ሳይላው
በገዛ እጁ